ለመርከቧ ስንት ሰዓት እንድረስ? ከአዳማ እስከ ራሺድ ወደብ

አዳማ ውስጥ ወደብ ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው ጅቡቲን ነው። ከባድ መኪኖቹ ቀን ከሌት በከተማችን ያልፋሉ። ለመዝናናት ብሎ ወደብ የሚሄድ ሰው ግን እምብዛም አይታወቅም። ጀርመን የምትኖረው ታላቅ እህቴ እማዬን በመርከብ ላዝናናት ብላ ስትነሳ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ስለ ማዕበሉ ነበር የሚጠይቀን።

እኔን ያሳሰበኝ ሰዓቱ ነው። መርከቧ የምትነሳው ከዱባይ ነው። እኛ አዳማ ነን። በመሀል መንገድ አለ፣ አውሮፕላን አለ፣ ቪዛ አለ። ጉልበቷን የሚያማት እናትም አለችን።

እህቴ መጀመሪያ ያሰበችው መርከቧ በምትነሳበት ቀን ጠዋት ዱባይ እንድንገባ ነበር። በረራው አራት ሰዓት ገደማ ነው። ሌሊት ተነስቶ ጠዋት መድረስ ይቻላል። የሆቴል ወጪም ይቀራል። እኔ ግን አንድ ቀን ቀድመን እንግባ ብዬ ድርቅ አልኩ። በረራ ይዘገያል፣ ሻንጣ ይቀራል፣ የኢሚግሬሽን ሰልፍ ይረዝማል። ከእነዚህ አንዱ ብቻ ቢደርስ ቀኑ አለቀ ማለት ነው።

ሌላም ምክንያት ነበረኝ። «መርከቧ ካመለጠችህ ቀጣዩ ወደብ ላይ ትደርስባታለህ» የሚል ምክር በብዛት ይሰማል። የአውሮፓ ፓስፖርት ለያዘ ሰው ያስኬድ ይሆናል። ለእኛ ግን አይሆንም። ከመርከቡ ጋር የሚገባ መንገደኛ የሚስተናገደው በአንድ መንገድ ነው። ብቻውን በአውሮፕላን ተከትሎ የሚመጣ ሰው ደግሞ የዚያን አገር ቪዛ ይጠየቃል። እሱ ደግሞ በአንድ ሌሊት አይገኝም። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለሚሄድ ሰው ቀድሞ መግባት ቅንጦት አይደለም። የዱባዩ ቪዛም ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ መሆን አለበት። መርከቧ ወደ ሌላ አገር ወጥታ ነው የምትመለሰው።

ጎረቤታችን ጋሼ ለረጅም ዘመን በጅቡቲ መስመር ተሳቢ የነዱ ሰው ናቸው። ነገሩን ሲሰሙ ከእኔ ጎን ቆሙ። «ወደብ ላይ ሰው መርከብን ይጠብቃል እንጂ መርከብ ሰውን አይጠብቅም፤ ልጄ፣ ቀድማችሁ ግቡ» አሉኝ። እህቴን ያሳመኗት እሳቸው ናቸው። ስልኩን ተቀብለው ራሳቸው አናገሯት።

እውነታቸውን ነው። የእኛ መናኸሪያ መኪና ሲሞላ ይነሳል። መርከብ በሰዓቱ ይነሳል። ከወደብ የሚያስወጣው መሪ ካፒቴን እና ጎታች ጀልባዎቹ በቀጠሮ ነው የሚመጡት። የሚቀጥለው ወደብም መቆሚያውን የሚያዘጋጀው በሰዓት ቆጥሮ ነው። በዚያ ላይ የተሳፋሪዎቹ ሙሉ ዝርዝር ከመነሳቱ በፊት ለባለሥልጣናቱ መድረስ አለበት። ለዚህ ነው ምዝገባው መርከቧ ከመነሳቷ አንድ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ተኩል ቀድሞ የሚዘጋው። አንዳንዱ ከዚያም ቀደም ብሎ ይዘጋል። ትኬቱ ላይ ያለው የመነሻ ሰዓት የመድረሻ ሰዓት አይደለም።

ስለ ሰዓት ካነሳሁ አይቀር፣ ትኬቱ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው የሚጻፈው። 13:00 ማለት በእኛ ሰባት ሰዓት ነው። ዱባይ ደግሞ ከአዳማ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። ሁለቱ ሲደባለቁ ሰው ግራ ይጋባል። ስለዚህ ሁሉንም ሰዓት በእኛ አቆጣጠር፣ በዱባይ ሰዓት፣ በአንድ ወረቀት ላይ በትልቁ ጻፍኩና ከእማዬ ፓስፖርት ጋር አስቀመጥኩት። አውሮፕላኑ ሲያርፍ የእጅ ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደፊት አደረግንላት። እዚህም የምጽፈው በዚሁ መንገድ ነው።

ከመነሳታችን በፊት ምዝገባውን በኢንተርኔት ጨርሰን ነበር። የመሳፈሪያ ወረቀቱንና የሻንጣ መለያዎቹን ፍራንኮ አካባቢ ያለ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳተምን። ስልክ ላይ አለ ብሎ መተው ይቻላል። ባትሪ ሲያልቅ ግን ወረቀት ያድናል።

ከአዳማ ቦሌ ያለው ጉዞ በሁለት ይከፈላል። 85 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የፍጥነት መንገድ ሰዓቱ ይታወቃል። ቱሉ ዲምቱ ክፍያውን ከፍለህ ከወጣህ በኋላ ያለው ግን አይታወቅም። አንዳንድ ቀን ቦሌ ለመግባት የሚፈጀው ጊዜ ከአዳማ ቱሉ ዲምቱ ከፈጀው ይበልጣል። የሚጨመረው ትርፍ ሰዓት ለዚያ ክፍል ነው። እኛ በጊዜ ተነስተን ኤርፖርት ገብተን ተቀመጥን። እማዬ መቁጠሪያዋን አወጣች፣ እኔ ወረቀቶቼን ደግሜ አየሁ።

ዱባይ ላይ እህቴ ተቀበለችን። ያደርነው ዴራ ነው። ዴራ የሐበሻ ምግብ ቤት ያለበት ሰፈር ነው፤ ወደቡም ከዚያ ሩቅ አይደለም። ጊዜው የገና ጾም ስለነበር እማዬ በያይነት አገኘችና ልቧ ረጋ። ቡናውም በእጣን ነበር። እሱን በደንብ አጣጣመችው። መርከብ ላይ እጣን ማጨስ እንደማይቻል ነግረናታል። እሳት ያስነሳል ተብሎ ስለሚፈራ ሻማ፣ እጣን፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ካውያ አይፈቀድም። ሻንጣ ውስጥ ከተገኘ ይያዛል፤ ሻንጣውም ክፍልህ ሳይደርስ ይዘገያል። ስለዚህ ምድጃዋን አዳማ ትታው ነው የመጣችው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልምጣ። በመሳፈሪያው ቀን ስንት ሰዓት ይደረሳል?

መልሱ የሚገኘው መርከቧ በዚያ ቀን ምን እንደምትሠራ ሲታወቅ ነው። የምትገባው ጎህ ሲቀድ ነው። ጠዋት ያለፈው ጉዞ ሰዎች ይወርዳሉ። እስከ አራት ሰዓት ገደማ መውረዱ አያልቅም። በዚያው ሰዓት ክፍሎቹ ይጸዳሉ፣ አንሶላው ይቀየራል፣ ለሺዎች የሚሆን ምግብ ይጫናል። አዲስ መንገደኛ መግባት የሚጀምረው አምስት ሰዓት አካባቢ ነው። ክፍሎቹ ግን ብዙ ጊዜ ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ ሳይሆን አይከፈቱም። ሁለት ሰዓት ላይ ወደብ የደረሰ ሰው መጀመሪያ ከሚወርደው ሕዝብ ጋር ይጋፋል። ከዚያ ይጠብቃል። ከገባም በኋላ የእጅ ሻንጣውን እየጎተተ ክፍሉ እስኪከፈት ይዞራል።

ለወጣት ይህ ምንም አይደለም። ቀድሞ ገብቶ ምሳውን ይበላል፣ ገንዳው ባዶ ሳለ ይዋኛል። ለጉልበት ሕመምተኛ ግን አይመከርም። እጅግ የዘገየውም ሰዓት እንዲሁ ነው። በመጨረሻው ሰዓት ሰልፉ አጭር ነው፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ታክሲ ቢቆም፣ ወረቀት ቢጎድል፣ የሚስተካከልበት ጊዜ የለም። እህቴ ምዝገባው ላይ የመድረሻ ሰዓት ምረጪ ሲላት የመረጥነው መሀለኛውን ነው፤ ሰባት ሰዓት። እማዬ እስከ ዘጠኝ ስለምትጾም ለዚያም ገጠመ። ገብታ አርፋ፣ ዘጠኝ ሲሆን የመጀመሪያው ቀን ምሳ ሳይነሳ ትበላለች።

በጠዋቱ አልቸኮልንም። ከሆቴሉ ስንወጣ የታክሲው ሹፌር «የትኛው?» ብሎ ጠየቀን። ይህን ጥያቄ እንዳትንቁት። ዱባይ ትልልቅ የመዝናኛ መርከቦች የሚቆሙባቸው ሁለት ቦታዎች አሏት። አንዱ አሮጌው ራሺድ ወደብ ነው። ሌላው እ.ኤ.አ. በ2021 የተከፈተው ዱባይ ሃርበር ነው፤ እሱ በፓልም ደሴት በኩል ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው በመኪና ግማሽ ሰዓት ያህል ያስኬዳል፤ መንገዱ ከተዘጋጋ ደግሞ ከዚያ በላይ። የእኛ ራሺድ ነበር። የትኬቱን ወረቀት አሳየነው።

ወደቡ ስንገባ እማዬ አንዲት ትልቅ መርከብ አየችና «ይቺ ናት?» አለች። አልነበረችም። ኩዊን ኤልዛቤት 2 የምትባለው አሮጌ የእንግሊዝ መርከብ ናት። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ እዚያው ቆማ ሆቴል ሆናለች። የእኛይቱ ከእሷም ትበልጥ ነበር። እማዬ አማተበች።

ትልልቆቹን ሻንጣዎች በር ላይ ለተሸካሚዎቹ ሰጠን። እነሱ ክፍል ድረስ ያመጡታል፤ ግን እስከ ማታ ሊቆይ ይችላል። ለዚህ ነው መድኃኒት፣ ፓስፖርት፣ የስልክ ቻርጀርና አንድ ቅያሪ ልብስ በእጅ ቦርሳ መያዝ ያለበት። የእማዬ የደም ግፊት መድኃኒት በእኔ ትከሻ ላይ ነበር።

ከዚያ ፍተሻ፣ ቀጥሎ ምዝገባ፣ ቀጥሎ ፎቶ። ለእማዬ ተሽከርካሪ ወንበር ቀድመን ጠይቀን ስለነበር ሳትቆም አለፈች። ፓስፖርታችንን መርከቧ ተረከበችንና ደረሰኝ ሰጠችን። እማዬ ፓስፖርቷን ስትሰጥ ፊቷ ተለወጠ። «አይዞሽ እማዬ፣ ደረሰኙ እኔ ጋ ነው» አልኳት። ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ክፍላችን ውስጥ ነበርን። አልጋው ተነጥፏል፣ መስኮቱ ባሕሩን ያያል። ጫማዋን አውልቃ ጋደም አለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወጥተን ምስር፣ ሩዝ፣ አትክልትና ፍራፍሬ አገኘንላት።

ለመነሳት ጥቂት ሲቀር የደህንነት ልምምዱ መጣ። ሰው ሁሉ የተመደበበት ቦታ ሄዶ ይመዘገባል፤ ተንሳፋፊ ሰደርያው እንዴት እንደሚለበስ ያያል። ምልክቱ ሰባት አጭር፣ አንድ ረጅም ድምፅ ነው። አንዳንዱ ተሰላችቶ ያጉረመርማል። እኔ ግን በጣም አከበርኩት። እ.ኤ.አ. በጥር 2012 ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለችው መርከብ ጣልያን ውስጥ ጂሊዮ ደሴት አጠገብ ከድንጋይ ጋር ተጋጭታ 32 ሰዎች ሞተዋል። በዚያው ቀን የተሳፈሩት ገና ልምምዱን አልወሰዱም ነበር። ያኔ ሕጉ በ24 ሰዓት ውስጥ ይሁን ነበር የሚለው። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ግን ከመነሳት በፊት ወይም እንደተነሱ ወዲያው እንዲደረግ ተደንግጓል። ዘግይቶ የሚደርስ ሰው ይህንንም በጥድፊያ ነው የሚያደርገው።

እማዬ ትምህርቱን በትኩረት ነው የተከታተለችው። ቋንቋውን እህቴ በጆሮዋ ትነግራታለች። ሲያልቅ ወደ መሰብሰቢያው የሚወስደውን ደረጃ ራሷ አንድ ጊዜ ሄዳ ካላየሁ አለች። ወሰድናት።

የመጨረሻዎቹ ተሳፋሪዎች ሲመጡ ከላይ እናይ ነበር። አንድ ቤተሰብ ሕፃን አቅፎ እየሮጠ ገባ። በረራቸው እንደዘገየ በኋላ እራት ላይ ነገሩን። ሻንጣቸው አልደረሰላቸውም ነበር። እህቴ ለሕፃኑ የሚሆን ነገር ፍለጋ ሱቁን አብራቸው ዞረች።

የመልሱንም ሰዓት በዚሁ ስሌት ነው ያወጣነው። መርከቧ ማለዳ ትገባለች፣ ሰው በየተራ ይወርዳል፣ ሻንጣ ይፈለጋል። ስለዚህ የመመለሻ በረራችንን ከሰዓት በኋላ አደረግነው። አዲስ አበባ ማታ ስለሚያስገባን ቦሌ አካባቢ አደርን። አዳማ በማግስቱ ለምሳ ገባን።