በእስክሪብቶ ያሰመርኩት መስመር

ደሴ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ሆኜ ስሠራ፣ የጦሳ ብርድ በመስኮት በሚገባበት አንድ ምሽት ከኮምቦልቻ አካባቢ ገጠር የመጡ አንድ አባት ወደ ክፍላችን ገቡ። ከሦስት ቀን በፊት ማሳ ላይ እሾህ እግራቸውን ወግቷቸዋል፤ የስኳር ሕመም እንዳለባቸው ያወቁት ግን ወደ ሆስፒታሉ በመጡበት ዕለት ነበር። ካርዳቸው ላይ «ሴሉላይትስ»፣ ማለትም የቆዳና ከሥሩ ያለው ክፍል ኢንፌክሽን፣ ተብሎ የተጻፈ ሲሆን፣ ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ ቀላ ብሎ ከማበጡ በቀር የሚያስደነግጥ ነገር አልታየኝም። ሆኖም ከቁስሉ ራቅ ያለውን ባታቸውን ገና ስነካው «ልጄ፣ ውስጡን እሳት እየበላው ነው» እያሉ ጮኹ። «አብሽሩ አባቴ» ብዬ የታዘዘላቸውን ማስታገሻ ሰጠሁና የቅላቱን ዳር በእስክሪብቶ አስምሬ ከጎኑ «ምሽት 2፡00» ብዬ ጻፍኩ።

ከምሽቱ 5 ሰዓት ስመለስ ቅላቱ መስመሩን በአራት ጣት አልፎታል። እርሳቸው ግን ጸጥ ብለው ነበር፤ እኔም ሕመሙ ስለታገሠላቸው ደስ ብሎኝ አንቲባዮቲኩ እስኪሠራ ልጠብቅ አልኩ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ቆዳው ጠቁሮ ውኃ ቋጥሮ ነበር፤ ስጫነው ደግሞ ከሥሩ እንደ ደረቅ ቅጠል ተንኮሻኮሸ። ያኔ ነው ተረኛውን ቀዶ ሐኪም የጠራሁት።

ሐኪሙ ቆዳውን ሲሰነጥቁት የዕቃ እጣቢ የመሰለ ግራጫ ፈሳሽ ወጣ፣ ጣታቸውም በቆዳውና በጡንቻው መካከል ያለ አንዳች ተቃውሞ ሰተት ብሎ ገባ። ኔክሮታይዚንግ ፋሺያይተስ የሚባለው ይህ ሕመም በጡንቻው ሽፋን ላይ እየተስፋፋ የደም ሥሮችን ስለሚዘጋ፣ ውስጡ ሲሞት ላዩ ደህና ይመስላል፤ ነርቮቹም አብረው ሲሞቱ ሕመሙ ይጠፋል። ስለዚህ እኔ እፎይታ ያልኩት የነርቮቹን ሞት ነበር። ደም በማይደርስበት ሥጋ አንቲባዮቲክ ብቻውን ስለማይሠራ፣ የሞተው ሁሉ በቀዶ ሕክምና መነሣት አለበት፤ ይህ በዘገየ ቁጥርም ሞት ይበዛል። ታክመውም እንኳ ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት ይሞታሉ፣ ከሚተርፉት መካከልም እጅ ወይም እግር የሚያጡት ጥቂት አይደሉም።

ቁስላቸው በቀዶ ሕክምና ክፍል ሦስት ጊዜ ተጠርጎና ታጥቦ በአራተኛው ቀን እግራቸው ከጉልበት በላይ ተቆረጠ፤ ሕይወታቸው ተረፈ። በ5 ሰዓት ደውዬ ቢሆን እግሩ ይተርፍ እንደነበር ማንም ሊነግረኝ አይችልም፤ እነዚያ ሦስት ሰዓታት ግን የእኔ ናቸው።

ከወራት በኋላ በክራንች ለክትትል መጥተው «የተቆረጠው ባቴ ሌሊት ሌሊት ያመኛል፣ ማን ያምነኛል?» አሉኝ። ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩና የት የት እንደሚሰማቸው፣ መቼ እንደሚብስባቸው አንድ በአንድ እየጠየቅኩ ጻፍኩላቸው።