ጋሼ የያዙት አይፎን ነው

የምሰራበት ጥገና ቤት አንድ ትእዛዝ መጣ፣ ደንበኛው አንድ ጋሼ ናቸው፣ ሰፈራቸው ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ታች ያለው ሮቶ ይሞላና ከዛ በፓምፕ ወደ ላይኛው ይገፋል፣ እና ለዛ ብለው ሌሊት ሌሊት ግቢ መውጣት ስለሰለቻቸው "ከአልጋዬ ሳልነሳ በስልኬ ላብራው" አሉ። ቀላል ስራ ነው። አርዱይኖ ኡኖ (ኮድ የሚጫንበት ትንሽ ቦርድ)፣ ሪሌ (ቦርዱ ሲያዘው ፓምፑን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ)፣ ብሉቱዝ ሞጁል፣ አለቀ።

የሰራው ባልደረባዬ ነው፣ ሞጁሉ ኤችሲ-05። ቦርዱ የሚልከው 5 ቮልት ነው የሞጁሉ አርኤክስ (ዳታ የሚቀበልበት ፒን) ግን 3.3 ስለሚፈልግ ቮልቱን እንዲቀንሱ መሀል ላይ የ1 እና የ2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አስገባበት (ብዙ ሰው ይሄን ይዘለዋል፣ ያለሱም ይሰራል ይሏችኋል፣ አዎ እስኪቃጠል ድረስ ይሰራል)። የቦርዱን ፒን 0 እና 1 ዩኤስቢውም ስለሚጠቀምባቸው ሞጁሉ እዛ ተሰክቶ ኮድ ልጫን ካልክ ኤረር ነው፣ ስለዚህ 10 እና 11 ላይ በሶፍትዌር ሲሪያል (በኮድ በሚሰራ የዳታ መስመር) አረገው። በኔ ሳምሰንግ ፔር አደረግነው፣ የይለፍ ቁጥሩ 1234፣ ሪሌው ቀጭ ቀጭ አለ፣ በቃ።

ልገጥም የሄድኩት እኔ ነኝ። ገጥሜ ጨርሼ "ጋሼ ስልክዎን ያምጡ" ስል አይፎን አወጡ። ሴቲንግ ገቡ፣ የጎረቤት ቲቪ ይታያል፣ የልጃቸው ኢርፎን ይታያል፣ የኛ የለም። የሞጁሉ መብራት ቶሎ ቶሎ ብልጭ ብልጭ ይላል፣ ማለትም ሰው እየጠበቀ ነው። በኔ ስልክ ወዲያው መጣ። ጋሼ ቀና ብለው አዩኝና "ያንተን ስልክ ትተህልኝ ትሄዳለህ?"

ነገሩ ኤችሲ-05 የድሮው ክላሲክ ብሉቱዝ ነው፣ ዳታ የሚያስተላልፈው ኤስፒፒ በሚባለው ፕሮፋይል ነው፣ አይፎን ደግሞ አፕል ፈቃድ ላልሰጠው ዕቃ ይሄን አይከፍትም። ሽቦ ብታገላብጥ ኮድ ብትቀይር ወፍ የለም። ትእዛዙን ስንቀበል ስለ ፓምፑ ፈረስ ጉልበት ሳይቀር ጠይቀናቸዋል፣ ስለ ስልካቸው ግን ማንም ትዝ አላለውም።

ባልደረባዬ ኢኤስፒ32 በሚባለው ሌላ ቦርድ እናርገው ብሎ ነበር፣ ብሉቱዙ ከነአንቴናው አብሮት ነው፣ እውነት ነው፣ ግን ሳጥኑ ተገጥሞ ሁሉንም ከማፍረስ ሞጁሉን ብቻ በኤችኤም-10 መቀየር ይሻላል ተባለ። ሎው ኢነርጂ የሚባለው ትንሽ ኃይል የሚበላ ብሉቱዝ ነው፣ የአፕል ፈቃድ አይጠየቅበትም፣ ዳታ የሚልክበት ፍጥነትም ያው 9600 ስለሆነ ኮዱን አልነካነውም።

ተመልሼ ቀየርኩት። ጋሼ እንደለመዱት ሴቲንግ ከፈቱ፣ አሁንም የለም። "አንተ ልጅ ትቀልዳለህ?" ይሄኛው ሴቲንግ ውስጥ አይፈለግም፣ ፓምፑን ከሚያዘው አፕ ውስጥ ነው፣ አፑን ከፍቼ ስካን ስለው መጣ፣ ፓምፑ ተነሳ፣ ጋሼም ፊታቸው ፈታ አለ።

ወዲያው እትዬ፣ ባለቤታቸው፣ "ለኔስ?" ብለው የራሳቸውን አቀበሉኝ፣ ቆየት ያለ አንድሮይድ ነው፣ አፑ ተጭኖ ስካን ሲባል ባዶ። ከቨርዥን 6 እስከ 11 ያሉት አንድሮይዶች ሎኬሽን ካልበራና ካልፈቀድክላቸው ሎው ኢነርጂ ዕቃ አያሳዩህም፣ በዙሪያህ ባሉት ብሉቱዞች የት እንዳለህ ማወቅ ስለሚቻል ነው። ሎኬሽን ያብሩ ስላቸው፣

"ውሃ ለመሳብ የት እንዳለሁ ምን ያደርግለታል?"

ላስረዳቸው ስጀምር ጋሼ አቋረጡኝ፣ "ተዋት፣ እኔ ስዘጋው እሷ እንዳትከፍትብኝ የሚያደርግ ነገር የለውም?"