የስንብት ክፍያ ወንጀል የሚሆነው የት ላይ ነው?

በአገራችን ሥራ ለፈታ ሰው በየወሩ አበል የሚቆርጥ የመድን ፈንድ የለም። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ስፌት ላይ የነበረች ልጅ መስመሩ ሲዘጋ የምትተማመነው በስንብት ክፍያ ነው። ማጭበርበሩም የሚገባው በዚያው በር ነው።

ስሌቱን ያላወቀ ማጭበርበሩን አይለይም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለመጀመሪያው ዓመት የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ በ30 ይባዛል። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚህ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል፤ ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። በቀን 120 ብር እያገኘች 4 ዓመት የሠራች ለመጀመሪያው ዓመት 3,600፣ ለቀሩት ሦስት ዓመታት 3,600፣ በድምሩ 7,200 ብር ይደርሳታል። የወጣችው በቅነሳ (አሠሪው ሠራተኛ ሲቀንስ) ከሆነ የ60 ቀን ደመወዝ ይታከላል፤ 14,400 ይሆናል።

ፈተናው ያለው እዚህ ልዩነት ላይ ነው። በገዛ ፈቃዱ የሚለቅ ሠራተኛ በዚህ ምክንያት ብቻ ስንብት የሚያገኘው ቢያንስ 5 ዓመት ካገለገለ ነው። 4 ዓመት ከ8 ወር ላይ የለቀቀው የሰው ሀብት ክፍል ውስጥ ያለ ወዳጁን ይለምናል፤ የቅጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይጎተታል፣ ወይም መልቀቂያው «ቅነሳ» ተብሎ ይጻፋል፣ ገንዘቡን ይካፈላሉ። ግን የቅጥር ውሉ፣ ፔሮሉ (የደመወዝ መክፈያ ዝርዝሩ) እና የጡረታ መዋጮው (7 በመቶ ከሠራተኛው፣ 11 በመቶ ከአሠሪው) ሦስቱም የየራሳቸው ቀን አላቸው። ኦዲተር ሲያመሳክራቸው አንዱ ካልገጠመ ነገሩ ይወጣል።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 ይህን አታላይነት ይለዋል። ቅጣቱ ቀላል እስራት ነው፤ ነገሩ ከከበደ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራትና መቀጮ። ቀላል እስራት ሲባል «ቀላል» የሚለው ቃል አያታላችሁ፤ ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ይደርሳል። ሰነዱ ከተፈበረከ የሐሰተኛ ሰነድ ክስ ለብቻው ይመጣል። ፈራሚው ወዳጅም ተካፋይ ነው። ገና ሥራ ላይ ያለ ሠራተኛ ሐሰተኛ ሰነድ ሲያቀርብ ከተያዘ ደግሞ ያለ ማስጠንቀቂያ ይሰናበታል፤ ለመጠቀም መሞከሩም ይበቃል።

ብዙ ሰው ያለ ምክንያት የሚፈራውን ልንገራችሁ፦ ስንብት ተቀብሎ በማግስቱ ሌላ ፋብሪካ መቀጠር ወንጀል አይደለም። ክፍያው ያለፈ አገልግሎት ዋጋ ነው፣ የሥራ አጥ አበል አይደለም። ለድሃ ቤተሰቦች የሚሰጠው ድጋፍ፣ የከተማ ሴፍቲኔት፣ ግን ሌላ ነው። ደሴ ፕሮግራሙ ሲጀመር ከታቀፉት 11 ከተሞች አንዷ ነበረች። እዚያ የሚመረጠው በቤተሰቡ ድህነት ስለሆነ፣ ገቢን ደብቆ መመዝገብ አንቀጽ 692 «መግለጽ የሚገባውን ነገር በመሰወር» ከሚለው ጋር ይገጥማል።

አሠሪውም ያታልላል፤ ይህ ይበልጥ ያንገበግበኛል። ቅነሳውን «በፈቃዷ ለቀቀች» ለማስመሰል ባዶ ወረቀት ላይ ያስፈርማል። ባዶ ወረቀት አትፈርሙ፤ የምትፈርሙትን ፎቶ አንሱ። ክፍያው ውሉ ከተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት፤ ያለ በቂ ምክንያት ቢዘገይ ፍርድ ቤቱ እስከ 3 ወር ደመወዝ ሊያስጨምር ይችላል። የክፍያ ጥያቄ በ6 ወር፣ ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ ግን በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል።

ያለአግባብ የወሰደ ሰው ሳይከሰስ በደረሰኝ ይመልስ። ወንጀሉን አይሰርዝለትም፤ ከልብ ተጸጽቶ ጉዳቱን መካሱ ግን በሕጉ ቅጣት ማቅለያ ነው።