ቄጤማው ከመታጨዱ በፊት

ከባሕር ዳር የተነሣነው መስከረም 12 ቀን ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ነው። እንዲህ የማለድነው ለወፉ ብለን ነው። በጣና ዙሪያ ረጅም ሣር ውስጥ የሚራባው ቀይና ጥቁር ወፍ በደንብ የሚታየው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ባሉት ሁለት ሦስት ሰዓታት ነው። ረፋዱ ላይ ነፋስ ሲነሣ ሣሩ ይወዛወዛል፤ ወፎቹም ወደ ውስጥ ይጠልቃሉ።

በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን 380 ሜትር የዓባይ ድልድይ ተሻግረን የጎንደርን መንገድ ያዝን። ወረታ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ዘንዘልማንና ሐሙሲትን አልፎ ጉማራ ወንዝ ሲደረስ የፎገራ ሜዳ ይዘረጋል። በዚህ ወር አንዱ ወገን ሩዝ፣ ሌላው ውኃ ያቆረ ሣር ነው፤ በቦዩና በኩሬው ዳር ደግሞ ፊላ ቆሟል። መኪና ማቆም የሚያዋጣው ከመንገዱ ዳር ፊላና ቄጤማ ተቀላቅለው በሚታዩበት ቦታ ነው። ንጹሕ የሩዝ ማሳ ብቻ ባለበት ወፉ ሲበላ ይታያል እንጂ ጎጆ ሲሠራ እምብዛም አይገኝም።

ወንዱን መለየት አይከብድም። ርዝመቱ 11 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። አናቱና ፊቱ ጥቁር፣ ጉሮሮው፣ ማጅራቱና ጀርባው እሳት የመሰለ ቀይ፣ ሆዱ ደግሞ እንደገና ጥቁር ነው። ክንፉ ቡናማ ነው። ጅራቱን ከላይም ከታችም የሚሸፍኑት ቀይ ላባዎች ስለሚረዝሙ ከሩቅ ጅራት የሌለው ይመስላል። ባለ 8 እጥፍ ቢኖኩላር ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የሚያጎላ ከሆነ እጅ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ወፉ ይጠፋል። ሳይንሳዊ ስሙ ዩፕሌክቴስ ፍራንሲስካኑስ ሲሆን የመጀመሪያው ቃል ከግሪክኛ የመጣ ነው፤ ትርጉሙም «ጥሩ ሸማኔ» ማለት ነው። ስሙ በእውነት የተገባው ነው።

ሴቷ ግን የቤት ድንቢጥ ትመስላለች፦ ቡናማ፣ ጭረት ጭረት ያለባት፣ ከዓይኗ በላይ ገረጣ ያለ ቅንድብ ያላት። ለአቅመ ጎጆ ያልደረሱ ወንዶችም እንደ እሷ ናቸው። ስለዚህ አንድ ቀይ ወፍ በአሥር ቡናማዎች መካከል ቢታይ አሥሩም ሚስቶቹ ናቸው ማለት አይደለም።

ከመንገድ ወርደን ቦቲ ለብሰን ቆምን። ወደ ሣሩ መግባት አያስፈልግም፤ መግባትም አይገባም። ከ20 ሜትር ርቀት ዝም ብሎ 10 ደቂቃ መቆም ይበቃል። ወንዱ የሣር አናት ላይ ወጥቶ ላባውን ነፍቶ ክብ ይሆናል፤ ከዚያ ክንፉን በፍጥነት እያርገበገበ፣ ግን በዝግታ፣ እንደ ትልቅ ጢንዚዛ በሣሩ ላይ ይንሳፈፋል። ድምፁ ቀጭንና የሚንጫጫ ነው። ይህ ሁሉ ለሌሎች ወንዶች «ይህ ቁራጭ ሣር የእኔ ነው» ማለት ነው፤ ለሴቶቹም ጥሪ ነው።

ጎጆውን የሚሠራው ወንዱ ነው። መጀመሪያ ጎን ለጎን የቆሙ ጠንካራ አገዳዎችን ይመርጣል። ከእርጥብ ሣር ጠርዝ በምንቃሩ ቀጭን ሪባን እየላጠ አገዳዎቹን ያስራል፤ ደረቅ ሣር ሲታጠፍ ስለሚሰበር ለዚህ አይሆንም። ክረምቱ ዘግይቶ ሣሩ ካልለመለመ ሥራው የሚዘገየውም ስለዚህ ነው። ከዚያ ቆሞበት የሚሠራበትን ቀለበት ያበጃል። ቀለበቱ ውስጥ ቆሞ ምንቃሩ እስከደረሰበት ድረስ ጓዳውን ወደ ፊት ይሸምናል፤ የጎጆው ስፋት የወፉ ቁመት ልክ የሚሆነው ለዚህ ነው። በመጨረሻ በጎን በኩል መግቢያ ይተዋል። ሥራው ሲያልቅ ግድግዳው ገና ስስ ነው፤ ብርሃን ያሳልፋል።

ሴቷ ትመጣለች፣ ትገባለች፣ ትፈትሻለች። ካልወደደችው ትሄዳለች። ወንዱ በአንድ ወቅት ብዙ ጎጆ ስለሚሠራ ባዶ የሚቀረው ብዙ ነው። ከወደደችው ግን ውስጡን በለስላሳ የሣር ዘለላ ትደለድላለች፤ እንቁላል ላይ ተቀምጣም ድልደላውን አትተውም። እንቁላሎቹ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ናቸው፤ ቀለማቸው ውኃ ሰማያዊ ነው። መታቀፉም ሆነ ጫጩት መመገቡ በእሷ ትከሻ ላይ ነው፤ ወንዱ ሌላ ጎጆ ይጀምራል፣ ሌላ ሚስት ይጠራል። ሁለት ሳምንት ገደማ ታቅፋ፣ ሌላ ሁለት ሳምንት ገደማ ትመግባለች። የሣር ዘር በሊታ ቢሆኑም ጫጩቶቹ ነፍሳትም ይበላሉ። እንግዲህ ከእንቁላል እስከ መብረር አንድ ወር ማለት ነው።

ችግሩ ያ አንድ ወር የሚውልበት ጊዜ ነው። ለዘመን መለወጫና ለመስቀል ቤት የሚጎዘጎዘው ቄጤማ የሚታጨደው በዚሁ ሰሞን ነው። ቄጤማው ይቅር ማለት አንችልም፤ ያለ ቄጤማ ዓመት በዓል የለም። አጫጨዱ ግን ሊስተካከል ይችላል። ከማጨድ በፊት ቆሞ ማየት፤ ቡናማ ወፍ ምንቃሯን ሞልታ ወደ አንድ ቦታ የምትመላለስ ከሆነ ጫጩት አለ። እዚያ ቦታ አንዲት ጭብጥ ሣር ብቻ ለይቶ መተው አያድንም፤ ዙሪያው የተመለጠ ጎጆ በነፋስ ይጋደማል፣ ለጭልፊትና ለእባብም ይጋለጣል። ቢያንስ የአንድ ክፍል ቤት ስፋት ያለው ሣር መቆም አለበት። የወደቀ ጎጆ አንሥቶ ሌላ ሣር ላይ ማሰርም ከንቱ ድካም ነው፤ እናቲቱ የምትፈልገው የለመደችውን ቦታ ነው። ከብት ሲገባም ውጤቱ ያው ነው፤ አገዳው ከተረገጠ ጎጆው ከነእንቁላሉ ውኃ ውስጥ ይገባል።

ወደ ወረታ ስንጠጋ ማማዎቹ ታዩ፤ ልጆች ወንጭፍ ይዘው ወፍ ይጠብቃሉ። ቀዩ ወፍ ሩዝ አይነካም ብንል ውሸት ይሆናል። ፍሬው ወተት ሲይዝ ይጨምቀዋል፤ ገለባው ባዶ ሆኖ ነጭ ወተት ተለጥፎበት ይቀራል። አይጥ ከሆነ ግን አገዳው ራሱ ከታች ተቆርጦ ይገኛል። ግሪሳ ማለት ግን ሌላ ወፍ ነው፤ ምንቃሩ ቀይ የሆነ፣ ከቆላ ግራር ላይ በሺህና በሚሊዮን ሆኖ ጎጆ የሚሠራ። የሩዙን ጉዳት የሚቀንሰው አረሙን ዘር ሳይቋጥር መንቀል፣ ከጎረቤት ጋር እኩል መዝራትና ጧትና ማታ መጠበቅ ነው። ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ለብቻው የሚያሽት ማሳ የአካባቢውን ወፍ ሁሉ ይሰበስባል። ፊላውን ማቃጠል ግን የወፍ ጎጆ ይፈጃል እንጂ የደረሰን ሩዝ አያድንም።

ኅዳር ላይ ለሚመጣ ሰው ይህ ሁሉ ቀይ አይገኝም። ወንዱ ላባውን ቀይሮ እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆናል። በመንጋ ውስጥ ከግሪሳ የሚለየው ያኔ በምንቃሩ ነው፤ የእሱ ገርጣ፣ የግሪሳው ቀይ።

ከሰዓት በኋላ ባሕር ዳር ስንመለስ ቄጤማ በገበያው ተከምሯል። ከአንዱ ነዶ መሐል የተሸመነ ነገር ወጣ፤ ሻጯ «ምን ይሁናችሁ?» ብለው ሰጡን። ጎጆ ነው፤ ሦስት አገዳ ላይ ታስሯል። ወደ ብርሃን አዙረን አየነው፤ ግድግዳው ስስ ነው፣ በሁሉም በኩል ብርሃን ያሳልፋል። ውስጡ አንዲት የሣር ዘለላ እንኳ የለበትም። ሴቷ አይታው የሄደችበት ነው። ደስ አለን።