ንዕማን 7 ጊዜ፣ እኔ በቀን 30 ጊዜ

ጌታ ይመስገን። ይህን ምስክርነት ቆሜ ልናገር ሁለት ጊዜ ተነስቼ ሁለቱንም ጊዜ አፍሬ ተቀመጥኩ። የማህፀን መውጣት ከየት ተጀምሮ ይነገራል? ስለዚህ ጻፍኩት።

መጀመሪያ ማታ ማታ ከታች የሚከብደኝ ነገር ነበር። አንድ ቀን ስታጠብ እጄን የሆነ ነገር ነካኝ። እንቁላል የሚያክል ለስላሳ ሥጋ። ካንሰር መሰለኝ። ውሃውን ዘጋሁና እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ለባለቤቴም አልነገርኩትም። እንዲህ ሆኜ ዓመታት አለፉ።

ሳስል ሽንት ያመልጠኛል። መዝሙር ሲጀመር ሁሉ ይቆማል፣ እኔ እቀመጣለሁ። ምን ልደብቃችሁ፣ እግዚአብሔርን ተቀይሜው ነበር። «ልጅ ስጠኝ አልኩህ፣ ሰጠኸኝ። እንዲህ እንደምታስከፍለኝ ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት። ከዚያ በኋላ ሲጸለይ ዓይኔን እጨፍናለሁ እንጂ ምንም አልልም። ደም ሲፈስሳት የኖረችው ሴት ስትሰበክማ ጭራሽ ይብስብኛል። እሷ የልብሱን ጫፍ ነካች፣ ዳነች። እኔስ?

እህቴ ናት ጎትታ ሐኪም ጋ የወሰደችኝ። እህቴ፣ ዘመንሽ ይባረክ! ሐኪሟ መረመረችኝና «ካንሰር አይደለም» አለች። ማህፀንን የሚይዙት ጅማቶችና ጡንቻዎች ላልተው ነው። መውለድ፣ ሸክም፣ የቆየ ሳል፣ የሆድ ድርቀት፣ ዕድሜም ያላላቸዋል። የኔ ወደ ውጭ ስለወጣ ቀዶ ጥገና ተወሰነልኝ። እስከዚያው ፊዚዮቴራፒ ጀምሪ ተባልኩ።

ፊዚዮቴራፒስቷ በዕድሜ ታላቄ ናት። ገና እንደተቀመጥኩ «ሰው መሃል ፈስ ሲመጣብሽ እንዴት ነው የምትይዢው?» አለችኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቅኩ። «እሱን ጡንቻ ነው የምናሠራው» አለች። ጨምቀሽ ወደ ላይ ትስቢያለሽ፣ እስከ 10 ትቆጥሪያለሽ፣ ትለቂያለሽ፣ ታርፊያለሽ። 10 ጊዜ። በቀን 3 ዙር። ትንፋሽ መያዝ የለም፣ ሆድና ቂጥ ማጥበቅም የለም። እኔ 3 እንኳ ሳልቆጥር ያመልጠኝ ነበር። ስሙ ኬግል ነው፤ በፈረንጆቹ 1948 ስለ እንቅስቃሴው በጻፈ አሜሪካዊ የማህፀን ሐኪም ስም የተጠራ። ወንድ መሆኑን ስሰማ ገረመኝ።

አልዋሸችኝም። «ይሄ የወጣውን አይመልስልሽም፣ እሱ የኦፕራሲዮን ሥራ ነው። ሽንትሽን ለመቆጣጠር ግን ይረዳሻል» አለችኝ። ስወጣ ደግሞ «መልቀቁም ሥራ ነው። መጭመቅ ብቻ እንዳትማሪ» አለች። ያቺን ቃሏን ግን ልብ አላልኳትም።

ንድድ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ። እኔ ተአምር እለምነዋለሁ፣ እሱ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ጨምቂ ይለኛል! በዚያው ሳምንት መጽሐፍ ቅዱሴን ስገልጥ 2ኛ ነገሥት 5 ላይ ወደቅኩ። ለምጻሙ የጦር አለቃ ንዕማን፣ ነቢዩ ኤልሳዕ ወጥቶ እጁን አንሥቶ ይፈውሰኛል ብሎ ሲጠብቅ፣ በዮርዳኖስ 7 ጊዜ ታጠብ ተባለ። ተቆጥቶ ሄደ። አገልጋዮቹ ናቸው ለምነው የመለሱት፤ ከባድ ነገር ቢያዝህ ኖሮ ታደርገው አልነበር ወይ ብለው። እኔም 40 ቀን ጹሚ ብባል እጾም ነበር። ይቺ ትንሿ ነገር ናት ያቃተችኝ።

5 ወር ወረፋ ጠበቅኩ፤ ሠራሁ፣ ተውኩት፣ ደግሞ ሠራሁ።

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። የሚያስፈራው በማግስቱ መጣ። የሽንት ቱቦው ምሽት 3 ሰዓት ላይ ወጣልኝ። በ6 ሰዓት ውስጥ ካልሸናሁ ተመልሶ ይገባል ተባለ። 5 ሰዓት ላይ ሞከርኩ፣ የለም። እኩለ ሌሊት ሆነ፣ የለም። 8 ሰዓት ላይ ፊኛዬ ድንጋይ ሆነ። ቧንቧ ከፈትኩ፤ ውሃው ይንጠባጠባል፣ እኔ ጠብ አልል አልኩ። ጥርሴን ነክሼ ስገፋ ሲስተሯ በሩን አንኳኳች። «እናቴ፣ እንዳይገፉ! ስፌት አለ!»

አለቀስኩ። «እስከዚህ ያመጣኸኝ ሽንት ቤት ልትጥለኝ ነው?» አልኩት። እንዲህ ነው ያልኩት፣ ይቅር ይበለኝ። «ልቅሶ ማታ ይመጣል፥ ጠዋት ግን ደስታ ይሆናል» የሚለው ሳልጠራው መጣብኝ። ጠዋት ሩቅ ነው ብዬ መለስኩለት። ሰዓቱን አየሁ። 20 ደቂቃ ቀርቶኛል።

ያን ጊዜ የፊዚዮቴራፒስቷ ድምፅ መጣልኝ። መልቀቁም ሥራ ነው። ራሴን ታዘብኩት። ጥርሴ ተነክሷል። እጄ ተጨብጧል። ትከሻዬ ጆሮዬ ጋ ደርሷል። ታችማ አይጠየቅም፣ እንደ ጨመቅኩት ነው። ለካ ስጸልይም እንዲህ ነበርኩ! እግሬን መሬት አስረገጥኩ፣ ክንዴን ጉልበቴ ላይ አሳርፌ ጎንበስ አልኩ። አገጬን ለቀቅኩ። እጄን ዘረጋሁ። ረጅም ትንፋሽ አወጣሁና «በቃ ጌታዬ፣ አንተ እንዳልክ» አልኩ።

ጠብ አለ። ቆመ። ደግሞ ጠብ፣ ጠብ። ከዚያ መፍሰስ ጀመረ። ከበሩ ውጭ ሲስተሯ «ሰማሁት! ሰማሁት!» ብላ ጮኸች። እስራኤል በምድረ በዳ ለጉድጓድ ውሃ «ፍለቅ» ብለው ዘምረው የለ? እኔም በሌሊት፣ ሽንት ቤት ተቀምጬ ዘመርኩ። 350 ሚሊ ሊትር ተለካ። በአልትራሳውንድ ሲታይ ፊኛዬ ውስጥ የቀረው ከ100 በታች ነው። ቱቦው አልተመለሰም። አንቺ የዚያን ሌሊት ሲስተር፣ ስምሽን እንኳ አልጠየቅኩም። እሱ ያውቅሻል።

6 ሳምንት ከባድ ነገር እንዳላነሳ ስለተነገረኝ ባለቤቴ ባልዲውንም ልብሱንም ተሸከመ፤ አንድ ቀን አልተነጫነጨም። ሐኪሟ ስትፈቅድልኝ ጭመቃውን ቀጠልኩ። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ «እማዬ፣ ሠራሽ?» ትላለች፤ የምትለው ምን እንደሆነ ገና አታውቅም። ሳል ሲመጣ አስቀድሜ ጨመቅ አደርጋለሁ። አንዳንዴ ዛሬም ጠብ ይላል፣ ግን እንደ ድሮው አይደለም።

አሁን መዝሙር ሲጀመር እቆማለሁ። ስብከት ሲረዝም ደግሞ አንዱን ዙር እዚያው ወንበሬ ላይ እጨርሳለሁ። ማንም አያውቅም ነበር። አሁን እናንተ አወቃችሁ።