የእማዬ ሰዓት

ዛሬ እሑድ ነው። ከሌሊት ሥራ አሁን መግባቴ ነው። እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ይህን ልጽፍ ተቀመጥኩ።

ሌሊቱን እዚህ ሰዓት ተቀየረ። አሜሪካ በየዓመቱ በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ፣ በፈረንጅ ከሌሊቱ 2 ሰዓት ሲሆን፣ ሰዓቱ ወደ 1 ይመለሳል። ለተኛ ሰው ትርፍ እንቅልፍ ነው። እኛ የሌሊት ሠራተኞች ግን ያችን አንድ ሰዓት ሁለቴ እንሠራታለን። ተረኛዋ ነርስ ወንበር ላይ ወጥታ የኮሪደሩን ሰዓት ወደ ኋላ ስታዞር እያየሁ፣ የአክስቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት የጠየቀችኝ ትዝ አለኝ።

«እትዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ውጭ መኖር ይሻላል?»

«ቆይ ሥራ ላይ ነኝ፣ እደውልልሻለሁ» አልኳት። እስከ ዛሬ አልደወልኩም።

ዲቪ ደርሶኝ ከደሴ ከመጣሁ 11 ዓመት ሆነኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የምሠራው አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነው። አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አጎርሳለሁ።

ያገኘሁትን ብክድ ግፍ ይሆንብኛል። የእማዬን ሁለት ዓይን ሞራ ጋርዶት ነበር። ያሳከምኳት የሁለት ወር ኦቨርታይም ሠርቼ ነው። ፋሻው በተፈታ በሳምንቱ ደወለችና «ዛሬ መርፌ ራሴ ክር አስገባሁ» አለችኝ። ደሴ ብቀር ኖሮ ይህን ማድረግ አልችልም ነበር። ትምህርቴንም እዚህ ነው የቀጠልኩት፣ በ31 ዓመቴ። ማንም ዕድሜዬን አንስቶ አልሳቀብኝም። ክፍሉ ውስጥ የ50 ዓመት ሴትም ነበረች። የራሴ ቁልፍ፣ የራሴ ደመወዝ አለኝ። የት ገባሽ፣ የት ወጣሽ የሚለኝ የለም።

ባይተዋርነቱም ቢሆን ሰዎች እንደሚያወሩት አይደለም፤ ቢያንስ እዚህ አካባቢ። እንጀራው በየሱቁ አለ፣ እቁብ አለ፣ እድር አለ። አጠገባችን ያለችው ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ የተነሳ አማርኛ በከተማዋ ቢሮዎች ትርጉም ከሚቀርብባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። የመጣሁ ሰሞን አንድ ቢሮ ውስጥ ወረፋ ስጠብቅ ግድግዳው ላይ በአማርኛ የተጻፈ ማስታወቂያ አየሁ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ምን እንደሚል ዛሬ አላስታውሰውም፤ ፊደሉን ግን አልረሳውም።

የመጣሁ በአራተኛው ዓመት አባቴ አረፈ።

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። እንደዛሬው ከሌሊት ሥራ ገብቼ ሻይ ጥጄ ነበር። በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ሦስት ጓደኞቼና አንዲት የሰፈራችን እናት ቆመዋል። አንዷ ፔርሙስ ይዛለች። ገና በዚህ ሰዓት ምን አመጣቸው ልል ስል ከጃኬታቸው ሥር ነጠላ አየሁ፤ አዘቅዝቀው ለብሰውታል። ማንም ቃል አልተናገረም። እኔም አልጠየቅኩም። የሰፈራችን እናት ብቻ እጄን ይዘው «ግቢ ልጄ፣ ቁጭ በይ» አሉኝ።

አባዬ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ቤተሰብ ከጓደኞቼ ጋር ተማክሮ፣ ብቻዬን በስልክ እንዳልሰማ ብሎ ነው ያቆየው። ልክ ናቸው፣ አልቀየምኳቸውም። ግን ቆጠርኩት። አባዬ አፈር ሲገባ እኔ የሰው አባት ሾርባ እያጎረስኩ ነበር። ሰውየው አገጫቸው ላይ ሲፈስባቸው በፎጣ ስጠርግላቸው «ታንክ ዩ» ያሉኝ ትዝ ይለኛል።

በሰዓቱ ቢነገረኝም አልደርስም ነበር። ዋሽንግተን አጠገብ ካለው ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሳው አውሮፕላን አዲስ አበባ ለመግባት 13 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ከዚያ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ነው። ቀብር ይህን ሁሉ አይጠብቅም። ለአርባው ግን ደረስኩ። ስመለስ አውሮፕላኑ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ሞላ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ታንኩን ሞልቶ፣ ሰውና ጓዝ ጭኖ ከዚያ መነሳት ይከብደዋል አሉ። ማንም ከወንበሩ አልተነሳም፣ መብራቱም ደብዝዞ ነበር። ለቅሶው የወጣልኝ እዚያ ነው። ደሴ ላይ ለቀስተኛ ሳስተናግድ በደንብ አላለቀስኩም።

ስለዚህ ለአክስቴ ልጅ ነገ እደውልላታለሁ። የእማዬን ዓይንም የአባዬን ቀብርም እነግራታለሁ። አንዱን ትቼ ሌላውን ብቻ ብነግራት ዋሸኋት ማለት ነው።

እማዬ ርቀቴን የምትለካው በሰዓት ነው። ሰመር ላይ ደሴ ከኛ በ7 ሰዓት ትቀድማለች። የእማዬ የግድግዳ ሰዓት ግን እንደ አገሩ ከንጋት ጀምሮ ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ የኔ የፈረንጅ ሰዓት 2 ሲል የሷ 3 ይላል።

«አንቺ ጋ ስንት ሰዓት ነው?» ትለኛለች።

«ሁለት።»

«እኛ ጋ ሦስት ነው። ቅርብ ነሽ እኮ!»

እኔ ጋ ፀሐይ እንደሆነ፣ እሷ ጋ እንደመሸ ሁለታችንም እናውቃለን። እሷ ግን ቁጥሩን ይዛለች። ሰዓቱ ሲቀየር ልዩነቱ ሁለት ይሆናል። ያኔ «ብርዱ ሲገባ ራቅ ትያለሽ» ትለኛለች።

ዛሬ ጠዋት እንደ ሁልጊዜው ከሥራ ወጥቼ አውቶቡስ ስጠብቅ ደወልኩላት። የኔ ሰዓት 7:30 አለፍ ብሏል። ሌላ ቀን በዚህ ሰዓት ስደውል እሷ ጋ ገና 8:30 ነው፣ ቡና አፍልታ ጎረቤት ጠርታ የምትጠብቅበት። ዛሬ 9:30 ሆኗል።

«ምነው ዘገየሽ?» አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ስጋት ነበር።

«ሰዓት ተቀይሮ ነው እማዬ።»

«ውይ፣ ራቅሽ በይኛ!» አለችና ለአፍታ ዝም አለች። «አቦሉን ጠጥተናል። ቶናውን ግን እስክትደውል አይቀዳም ብዬ ከልክያቸው ነበር።»

ከዚያ ስልኩን ረከቦቱ አጠገብ አስቀመጠችው። ሲኒ ሲንኳኳ፣ ጀበናው ሲቀዳ ይሰማኛል። አውቶቡሱ መጣ። አሳለፍኩት።