የጎኔ ወንበር

ቢሮዬ ቨርጂኒያ፣ ሄርንደን ነው። ቀኑን ሙሉ የኢንሹራንስ ቅጽ ወደ ኮምፒውተር ስገለብጥ እውላለሁ። በመስኮቱ ከደለስ ኤርፖርት የሚነሱ አውሮፕላኖች ይታዩኛል። ረፋዱ ላይ የእኛው፣ ጭራው አረንጓዴ ቢጫ ቀዩ፣ ብድግ ሲል እጄ ኪቦርዱ ላይ ይቀራል። 13 ሰዓት ያህል በርሮ በማግስቱ ቦሌ ያርፋል። በሐሳቤ ሲመለስ እኔንና ባለቤቴን ይዞ ነው።

እሱ አውሮፕላን ተሳፍሮ አያውቅም። መስኮቱ ጋ አስቀምጠዋለሁ፤ ቀበቶውን አስርለታለሁ፤ በስመ አብ ብሎ ሲያማትብ ሌላ እጁን እይዘዋለሁ። ቦሌ ከፍታው ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አውሮፕላኑ ለዚህ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ይዞ አይነሳም፤ መንገድ ላይ አርፎ ይቀዳል። መንገደኛው በዚያ ቆይታ ያማርራል። እኔ ግን አብረን የምንቀመጥበት ተጨማሪ አንድ ሰዓት ነው ብዬ እቆጥረዋለሁ።

ዛሬ አጠገቤ የምትሠራው አሜሪካዊት ልጅ «ትኬት ግዢለትና ለበዓሉ ይምጣ» አለችኝ። ክፋት የላትም። እነሱ አገር ፓስፖርት ያለው ትኬት ቆርጦ ይሄዳል፤ ቪዛ ተከልክሎ መመለስን አያውቁትም። የአዲስ አበባ ጓደኞቼ ደግሞ «ግሪን ካርድ ይዘሽ አንድ ባል ማምጣት አቃተሽ?» ይሉኛል። እሱ የበለጠ ያመኛል።

ከሁለት ዓመት በፊት ተጋብተን ስመለስ ሰባት ሰው በሚኒባስ ቦሌ ሸኘኝ። እዚህ መኪናው ሞተሩ ሳይጠፋ በር ላይ ያወርዱሃል፤ እኛ ደግሞ ለአንድ መንገደኛ ሰፈሩን እናስነሳለን። ግን ያለ ትኬት ወደ ውስጥ አይገባምና ሁሉም ውጭ ቀሩ። ሚዛን ላይ አንዱ ሻንጣዬ 27 ኪሎ መጣ። የተፈቀደው 23 ነው። «ክፈቺው» ተባልኩ። ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ስጎረጉር የበርበሬው ፌስታል ተቀደደ። ነጠላዬ፣ እጄ፣ ነጩ ወለል፣ ሁሉም ቀላ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ያስነጥሳል፤ አንዷ «ቶሎ በያ!» ትላለች። ጎኔ ባልና ሚስት ነበሩ። የእሷም ከብዶ ነበር። ሁለት ጥቅል ከእሷ ሻንጣ ወደ እሱ አዛወሩና ጨርሰው ሄዱ። የእኔ ባል ከመስታወቱ ውጭ፣ ሃምሳ እርምጃ ላይ ቆሟል። ሽሮውን የምሰጠው ሰው ስላልነበረኝ እዚያው ትቼው ገባሁ። አማቴ ቆልተው፣ ለቅመው፣ አስፈጭተው ያዘጋጁት ሽሮ ነበር። በስልክ «ሽሮው እንዴት ነው?» ሲሉኝ «ይጥማል» አልኳቸው። በሕይወቴ እንዲያ አፍሬ አላውቅም።

ዲቪ የምትሞሉ እህትና ወንድሞቼ፣ ይህቺን ስሙኝ። ዲቪ ሲደርሰኝ እጮኛሞች ነበርን። ዘመድ ሁሉ «መጀመሪያ ሂጂና ተደላደዪ፣ ሠርጉ ይደርሳል» አለ፤ እኛም ሰማን። ዲቪ ከሞላ በኋላ፣ ቪዛው ሳይመታ ያገባ ሰው የትዳር ጓደኛውን ኬዙ ውስጥ ማስገባት ይችል እንደነበር የነገረን የለም። ሲሞላ ያገባ ሆኖ የደበቀ ደግሞ ኬዙ ይሰረዝበታል። እኔ እንዳደረግኩት አሜሪካ ገብቶ ያገባ ግን ፕሮሰሱን ከዜሮ ይጀምራል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው የትዳር ጓደኛ በዓመታዊ ኮታ ነው የሚጠብቀው። ወረፋው የሚቀረው ዜግነት ሲያገኙ ነው፤ ለዜግነት ደግሞ 5 ዓመት መቆየት አለ። የውሸት ጋብቻ ፈጽሙ እያልኩ አይደለም፤ እሱ ሌላ መዘዝ ነው። የምር የምትዋደዱ ግን «ይደርሳል» በሚል ምክር እንዳትለያዩ። ለሠርግ ድግስ ገንዘብ እስኪገኝ ብላችሁም አትጠብቁ።

እኔ አራት ዓመቴን ጨርሻለሁ፤ አንድ ይቀረኛል።

አሁን አዲስ አበባ መሽቷል። ከሥራ ገብቶ ደወለልኝና «ምን ላይ ነሽ?» አለኝ። ቅጽ እየሞላሁ ነው አልኩት። ከፊቴ ባለው ወረቀት ጥግ ላይ ግን ሌላ ሒሳብ ጽፌያለሁ፤ ሁለት ሰው፣ አራት ሻንጣ፣ 92 ኪሎ። ሽሮው ከእሱ ሻንጣ ነው የሚገባው።